የሰፈር ዜና በሰፈር ሰው፦ ከሐዋሳ ለደረሱን ጥያቄዎች መልስ

በዚህ እትም መልስ የምንሰጥባቸው ደብዳቤዎች ሁሉ ከሐዋሳ የመጡ ናቸው። ጸሐፊዎቹ ቴሌቪዥኑና ሬዲዮው የማያነሳውን የሰፈራቸውን ጉዳይ ራሳቸው ሰብስበው፣ አጣርተው ለጎረቤት ማድረስ የሚፈልጉ ሰዎች ናቸው። ተመሳሳይ ጥያቄዎችን አንድ ላይ አድርገናል፤ የጠያቂዎቹንም ስም አላወጣንም።

ጥያቄ፦ አራት ጓደኛሞች ነን፤ ታቦር ክፍለ ከተማ እንኖራለን። የሰፈራችንን ዜና የሚያቀርብ የቴሌግራም ቻናል ከፈትን፤ ብዙም ሳይቆይ ግን የምንለጥፈው ሁሉ ከሌላ ቻናል የተቀዳ ሆነ። ከየት ብንጀምር ይሻል ነበር?

መልስ፦ መቅዳት የጀመራችሁት ምን እንደምትዘግቡ ሳትወስኑ ስለተነሳችሁ ነው። አራት ሰው የሐዋሳን ዜና በሙሉ እሠራለሁ ቢል አይችልም። የአንድ ሰፈርን ውሃና የአንድ ገበያን ዋጋ ግን ከማንም ተቋም በተሻለ ሊሠራው ይችላል። ትልልቆቹ መገናኛ ብዙኃን የኢንዱስትሪ ፓርኩን የወጪ ንግድ ይዘግባሉ፤ በፓርኩ ዙሪያ የአንዲት ክፍል ቤት ኪራይ ባለፈው ዓመት ስንት ነበር፣ ዛሬስ ስንት ገባ የሚለው ላይ እምብዛም አይደርሱም። የእናንተ ቦታ እዚያ ነው።

ውሃን እንውሰድ። ከሰፈሩ 12 ቤቶች ምረጡ፤ አራቱ ከፍ ካለው፣ አራቱ ከመካከለኛው፣ አራቱ ዝቅ ካለው ቦታ ይሁኑ። ከየቤቱ አንድ ሰው ውሃ ሲመጣና ሲሄድ ሰዓቱን ብቻ ይላክላችሁ፦ «መጣ፣ ሌሊት 9:20»፤ «ሄደ፣ ጠዋት 1:05»። ሮቶ ያለው ቤት መመልከት ያለበት በቆጣሪው አጠገብ ያለውን ቧንቧ ነው። ከሮቶው የሚወርደውን ካየ መስመሩ ደርቆም ሁለት ቀን ሙሉ «ውሃ አለ» ይላችኋል፤ መዝገቡን ከሁሉ በላይ የሚያበላሸው ይኸው ነው። 12 ቤት ያልነውም በምክንያት ነው። አንድ ቤት ብቻ ከደረቀ ችግሩ የዚያ ቤት መስመር ነው፤ ዜና አይሆንም። ከፍ ያሉት አራቱ ብቻ ከደረቁ የግፊት ማነስ ነው። አሥራ ሁለቱም ከደረቁ ወይ ፈረቃው አልተጠበቀም፣ ወይ ዋናው መስመር ተሰብሯል። ለውሃ አገልግሎቱ የምታቀርቡት ጥያቄም በሦስቱ የተለያየ ነው። አራት ሳምንት ከመዘገባችሁ በኋላ የታወጀውን የፈረቃ ሰሌዳ ከመዝገባችሁ ጎን አስቀምጡት፤ በሰፈሩ ማንም ያልያዘው መረጃ በእጃችሁ ነው ማለት ነው።

የገበያ ዋጋም እንደዚሁ ቋሚ መለኪያ ይፈልጋል። ስድስት ዕቃ ምረጡ፣ በሳምንት አንድ ቀን በተመሳሳይ ሰዓት ሂዱ፣ አምስት ሻጮችን ጠይቁ። «ጤፍ» ብላችሁ አትጻፉ፤ ማኛ፣ ነጭ፣ ሰርገኛ ወይም ቀይ መሆኑ ይገለጽ። አምስቱን ዋጋዎች ከትንሽ ወደ ትልቅ ደርድራችሁ መካከለኛውን፣ ማለትም ሦስተኛውን ውሰዱ። ደምራችሁ ለአምስት ካካፈላችሁ አንድ ሻጭ የጠራው የተጋነነ ዋጋ ሁሉንም ይዞ ይወጣል። ዓሣ በቁጥር ሲሸጥ ከባድ ወጥመድ አለው፤ ዋጋው ሳይጨምር ዓሣው እያነሰ ሊሄድ ይችላል። ሻጩን አስፈቅዳችሁ አምስት ቆሮሶ (ቲላፒያ ዓሣ) በሚዛን ላይ አስቀምጡና የኪሎውን ዋጋ አስሉ፤ ጭማሪው የሚታየው ያኔ ነው።

ሥራውን ስትከፋፈሉ አንዱ ጥቆማ ይቀበል፣ አንዱ ያጣራ፣ አንዱ ይጻፍ፣ አራተኛው ያጽድቅ። የጻፈው ሰው ራሱ አያጽድቅ። ይህ የፈረንጅ ቢሮክራሲ አይደለም። በደቡብ ኮርያ በ2000 እ.ኤ.አ. «እያንዳንዱ ዜጋ ዘጋቢ ነው» ብሎ የተጀመረው የዜና ድረ ገጽ ኦማይኒውስ 727 የዜጋ ዘጋቢዎችን ይዞ ሲነሳ ጽሑፋቸውን የሚመረምሩ አርታኢዎች ነበሩት። በሕንድ ገጠር በ2002 እ.ኤ.አ. በሴቶች የተጀመረው ኸበር ለሀሪያ የተባለው ጋዜጣም የታወቀው ሌላው የማይሄድበትን መንደር በመንደሩ ቋንቋ በመዘገቡ ነው።

ስለ ቻናሉ ባለቤትነት አንድ ነገር እንጨምር። ቻናሉ የተከፈተው በማን ስልክ ቁጥር ነው? ያ ሲም ከጠፋ ወይም ሰውየው ከተጣላችሁ ቻናሉ ከእጃችሁ ይወጣል። ባለቤቱ የሁለት ደረጃ ማረጋገጫ የሚባለውን ተጨማሪ የይለፍ ቃል ዛሬውኑ ያብራ። ቴሌግራም ባለቤትነትን ወደ ሌላ ሰው ለማዛወር ይህ የይለፍ ቃል ከተበራ ከ7 ቀን በላይ እንዲሆነው ይጠይቃል፤ ስለዚህ ችግሩ ከመጣ በኋላ ማብራት አያደርስም። ሌሎቹን ሦስታችሁን አስተዳዳሪ ያድርጋችሁ፤ አዲስ አስተዳዳሪ የመጨመር ፈቃድ ግን ለአንድ ሰው ብቻ ይሰጥ።

ጥያቄ፦ ባጃጅ አሽከርካሪ ነኝ፣ ከመናኸሪያ አካባቢ። ማኅተምና ፊርማ ያለበት ደብዳቤ በየሳምንቱ በስልካችን ይዞራል፤ ታሪፍ ተጨመረ፣ የሥራ ሰዓት ተገደበ ይላል። በማግስቱ «ሐሰት ነው» ይባላል። በምን እንለየው?

መልስ፦ ሰው ማኅተም ሲያይ ማንበብ ያቆማል፤ አስመሳዮቹ የሚጠቀሙበትም ይህንኑ ነው። እርስዎ ግን መጀመሪያ በደብዳቤው ራስጌ ያለውን ቁጥርና ቀን ይመልከቱ። ከዚያ ደብዳቤውን ጻፈ ወደተባለው መሥሪያ ቤት ይደውሉ ወይም ይሂዱ፤ ኃላፊውን መፈለግ አያስፈልግም፣ መዝገብ ቤቱ ይበቃል። «በዚህ ቁጥር፣ በዚህ ቀን ወጪ የሆነ ደብዳቤ አለ ወይ?» ብለው ይጠይቁ። የመዝገብ ቤት ሠራተኛ የወጪ መዝገቡን ገልጦ በደቂቃዎች ውስጥ ይነግርዎታል። የሚደውሉበትን ስልክ ቁጥር ግን ከደብዳቤው ላይ አይውሰዱ፤ ሐሰተኛ ደብዳቤ ላይ ያለው ስልክም የአስመሳዩ ሊሆን ይችላል። ቀጥሎ ከታች «ግልባጭ» የተባሉትን መሥሪያ ቤቶች ይመልከቱና ለአንዱ ይደውሉ፤ እውነተኛ ደብዳቤ እዚያም ገቢ ሆኖ ይገኛል።

መዝገብ ቤቱ ዝግ ከሆነ ምስሉን ያጉሉት። እውነተኛ ማኅተም ቀለሙ ወጥ አይደለም፤ አንዱ ጠርዝ ይደምቃል፣ ሌላው ይሳሳል። ከኮምፒውተር የተለጠፈ ማኅተም ግን ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ነው፤ በዙሪያውም ከወረቀቱ ቀለም የተለየ ነጣ ያለ አራት ማዕዘን ሊታይ ይችላል። ቁጥሩና ቀኑ ከሌላው ጽሑፍ በውፍረት ወይም በመስመር ከፍታ ከተለዩ ተነክተዋል ብለው ይጠርጥሩ። ከሁሉ ቀላሉ ማጭበርበሪያ የድሮ እውነተኛ ደብዳቤ ቀኑን ብቻ ቀይሮ ማሰራጨት ነው። ሐዋሳ ላይ ለዚህ ጥሩ መለያ አለን። ሲዳማ ራሱን የቻለ ክልል የሆነው በሰኔ 2012 ነው፤ የቀድሞው የደቡብ ክልል ደግሞ በ2015 መጨረሻ ሙሉ በሙሉ ተከፋፍሏል። ስለ ከተማዋ የባጃጅ ታሪፍ የሚናገር የዘንድሮ ቀን ያለበት ደብዳቤ በራስጌው «የደቡብ ብሔሮች» የሚል ካለው ወይ አሮጌ ነው፣ ወይ የተሠራ ነው። የፈራሚውንም ስም ያጣሩ፤ ከቦታው የተነሳ ኃላፊ ዛሬ ሊፈርም አይችልም።

ሐሰት መሆኑን አረጋግጠው ለማኅበርተኞችዎ ማስጠንቀቅ ከፈለጉ የደብዳቤውን ምስል ሳይነኩ አይላኩት። «ሐሰተኛ» የሚለውን ቃል በትልቁ በምስሉ መሃል፣ በጽሑፉ ላይ ይጻፉበት። ጥግ ላይ ከጻፉት ቀጣዩ ሰው ቆርጦት እንደ እውነተኛ ያስተላልፈዋል።

ጥያቄ፦ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። «ዛሬ ሐዋሳ» ተብሎ የሚላክልንን ቪዲዮ ቀኑንና ቦታውን የምናረጋግጥበት መንገድ አለ?

መልስ፦ አለ፤ ቅድሚያ የሚሰጠው ግን ለቴክኖሎጂው አይደለም። የላከልህን ሰው «ራስህ ነህ የቀረጽከው?» ብለህ ጠይቀው። ካልሆነ ከማን እንዳገኘው ይንገርህና ወደዚያ ሰው ሂድ፤ ስልኩን ይዞ የቆመው ሰው ዘንድ እስክትደርስ ድረስ ሰንሰለቱን ውጣ። ለምስክርም ያው ነው፦ በዓይኑ ያየና የሰማ አንድ አይደሉም። ሦስት ሰዎች ነገሩን ከአንድ ሰው ከሰሙት አንድ ምንጭ እንጂ ሦስት ምንጭ የለህም።

ቀራጩን ስታገኘው ቪዲዮውን በቴሌግራም «ፋይል» በሚለው በኩል እንዲልክልህ ጠይቀው። በተለመደው መንገድ የተላከ ምስልና ቪዲዮ ይጨመቃል፤ የተቀረጸበትን ጊዜና ቦታ የሚያሳየው ውስጣዊ መረጃም አብሮት ይጠፋል። ዋናውን ፋይል ካገኘህ በኋላም የሰዓት አቆጣጠር እንዳያሳስትህ ተጠንቀቅ። በቪዲዮ ፋይሎች ውስጥ የሚጻፈው ሰዓት አብዛኛውን ጊዜ የዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት ነው። 05:40 የሚል ካነበብክ ሦስት ሰዓት ጨምር፤ በኢትዮጵያ 8:40 ይሆናል፤ በእኛ አቆጣጠር ደግሞ ከጠዋቱ 2:40 ነው። 05:40ን እንዳለ ወስደህ «ከንጋቱ 11:40» ካልክ በሦስት ሰዓት ተሳስተሃል፤ በዚህ ሦስት ሰዓት ውስጥ ማን የት እንደነበረ የሚለው ሁሉ ይዛባል።

ዋናው ፋይል ካልተገኘ ከቪዲዮው ሦስት አራት ቦታ ላይ ፎቶ አንስተህ በጉግል ሌንስና በያንዴክስ የምስል መፈለጊያዎች ፈልግ፤ ኢንቪድ የተባለው የአሳሽ ተጨማሪ መሣሪያ ቪዲዮውን ራሱ ቆራርጦ ይፈልግልሃል። ካላገኘኸው ምስሉን ግራ ቀኝ ገልብጠህ ድገም፤ አሮጌ ቪዲዮን ገልብጦ መልቀቅ የታወቀ ዘዴ ነው። በፍለጋው አለመገኘቱ አዲስ ነው ማለት እንዳልሆነ ግን ያዝ።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ከተማዋን ለሚያውቅ ሰው የተተወ ነው፤ የውጭ አጣሪ የማይችለውን የአካባቢው ሰው የሚችለው እዚህ ላይ ነው። ሐዋሳ ያለችው ከሐይቁ በስተ ምሥራቅ ነው። ስለዚህ ከከተማው ዳር ሆኖ በተቀረጸ ቪዲዮ ፀሐይ በሐይቁ ላይ ዝቅ ብላ ከታየች ምሽት ነው፤ «ዛሬ ጠዋት» የሚለው መግለጫ ውሸት ነው። ጥላም ይናገራል። እዚህ ፀሐይ አናት ላይ የምትደርሰው ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ሐዋሳ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 7 ዲግሪ ላይ ስለሆነች በታኅሣሥ የቀትር ጥላ ወደ ሰሜን፣ በሰኔ ደግሞ ወደ ደቡብ ይወድቃል። ፊቱን ወደ ሐይቁ ያዞረ ሰው ጥላ በታኅሣሥ ወደ ቀኙ ነው፤ 1.70 ሜትር ቁመት ላለው ሰው አንድ ሜትር ያህል ይረዝማል። በሰኔ ወደ ግራው ነው፣ ግማሽ ሜትር ብቻ። ሰንካልክ የተባለው ድረ ገጽ ለየትኛውም ቀንና ሰዓት ይህን በካርታ ላይ ያሳይሃል። ቦታውን ለመለየት የታቦርን ተራራ ቅርጽ፣ ከገብርኤል አደባባይ ወደ ሐይቁ የሚወርደውን ሰፊ መንገድና የሱቅ ሰሌዳዎችን ተጠቀም።

ሕዝብ የበዛበት ምስል ሲመጣ በጉዱማሌ የሚከበረውን ፍቼ ጫምባላላና የሐምሌ 19ን የገብርኤል ንግሥ አስቀድመህ አስብ። ሁለቱም ብዙ ሰው የሚያሰባስቡ በዓላት ናቸው፤ ምስላቸውም ለሌላ ጉዳይ ማስረጃ ተደርጎ ለመቅረብ ይመቻል። ዣንጥላው፣ አለባበሱ፣ ነጠላው የት እንዳለህ ይነግርሃል።

ጥያቄ፦ ለሥራው ገንዘብ ከየት ይምጣ? ማስታወቂያ ብንቀበል ነፃነታችን አይነካም?

መልስ፦ ማስታወቂያ ብቻውን ነፃነት አይነካም፤ «ማስታወቂያ» የሚል ጽሑፍ በመጀመሪያው መስመር ላይ ይኑረው፣ የሚያጸድቀውም ዜና አጣሪው አይሁን። የሚነካው ሌላ ነው። ስብሰባ ላይ ስትገኙ የሚሰጠው አበልና «ለትራንስፖርት» ተብሎ በፖስታ የሚቀርበው ገንዘብ ነው። አንድ ጊዜ ከተቀበላችሁ በዚያ መሥሪያ ቤት ላይ የምትጽፉት ነገር ሁሉ ዋጋ ያጣል፤ ስለዚህ እንደማትቀበሉ በቻናሉ መግቢያ ላይ ጻፉት። መዋጮ በቴሌብር ስትሰበስቡ በየወሩ ስንት እንደገባና በምን እንደወጣ፣ ዳታ ፓኬጅም ቢሆን፣ ለጥፉ።

ጥያቄ፦ አሞራ ገደል ዓሣ የሚሸጡ እናቶችን በስልክ ቀረጽን፤ ድምፃቸው አይሰማም። ማታ ካፌ ውስጥ የቀረጽነው ደግሞ ይርገበገባል። ካሜራ መግዛት አለብን?

መልስ፦ ካሜራ ሳይሆን ማይክ ግዙ። የስልክ ማይክ ከሁለት ክንድ በላይ የራቀን ሰው በገበያ ውስጥ አይለይም። በገመድ የሚሰካ የደረት ማይክ ስትገዙ መሰኪያውን ተመልከቱ፤ በብረቱ ላይ ሦስት ጥቁር ቀለበት ካለው ለስልክ ነው፣ ሁለት ከሆነ ለካሜራ የተሠራ ስለሆነ ስልኩ አያውቀውም። ማይኩን ከአገጭ አንድ ስንዝር ዝቅ አድርጉት፤ ነጠላ ወይም ሐብል የሚነካው ቦታ ላይ ከሆነ ይንኳኳል። ማይክ ከሌላችሁ ሁለተኛ ስልክ ድምፅ መቅጃውን ከፍታችሁ ለሴትዮዋ በእጃቸው ስጧቸው፤ ሁለቱም ስልኮች መቅረጽ ከጀመሩ በኋላ አንድ ጊዜ አጨብጭቡ። ስታቀናብሩ የጭብጨባውን ድምፅ ከእጁ ምስል ጋር አገናኙት። ከሐይቁ የሚነሳው ነፋስ በማይኩ ላይ የሚያንኮሻኩሽ ከሆነ ተናጋሪዋ ጀርባቸውን ለነፋሱ ይስጡ፤ የማይኩን ስፖንጅም አታውልቁ።

መርገብገቡ ከመብራቱ ነው። የአገራችን ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ነው፤ ስልካችሁ በሴኮንድ 30 ምስል ሲወስድ ከመብራቱ ጋር አይገጥምም። በፕሮ ሁነታ የመዝጊያውን ፍጥነት 1/50 ወይም 1/100 አድርጉት፤ ወይም 25 ምስል በሴኮንድ ምረጡ። አንዳንድ ስልክ «50 ኸርዝ» የሚል ምርጫ በካሜራው ቅንብር ውስጥ አለው።

የቀረው ልምድ ነው። ከመቅረጻችሁ በፊት ሌንሱን ጥረጉ፣ ስልኩን በአውሮፕላን ሁነታ አድርጉ፤ ጥሪ ከገባ ቀረጻው ይቋረጣል። እያንዳንዱን ምስል ሳታንቀሳቅሱ 10 ሴኮንድ ያዙ፦ ሰፊውን ቦታ፣ ሰውየውን፣ እጁን። በ1080 ጥራት የተቀረጸ ቪዲዮ በደቂቃ ከ100 ሜጋባይት ሊበልጥ ስለሚችል 5 ጊጋባይት ባዶ ቦታ ይዛችሁ ውጡ። ስትለቁ ግን 720 አድርጋችሁ በሴኮንድ 2.5 ሜጋቢት አውጡት፤ አንድ ደቂቃ 19 ሜጋባይት ያህል ይሆናል። ተመልካቻችሁ የሚያየው በካርዱ ነው። ረጅም ቃለ ምልልስ ስታቀናብሩ ድምፁ ከከንፈሩ እየዘገየ ከሄደ ስልኩ የምስል ፍጥነቱን እየቀያየረ ስለቀረጸ ነው፤ ሃንድብሬክ በተባለው ነፃ ፕሮግራም ቋሚ ፍጥነት መርጣችሁ ከቀየራችሁት በኋላ አቀናብሩት።

ጥያቄ፦ መሥሪያ ቤት ስንሄድ «ጋዜጠኛ አይደላችሁም፣ መታወቂያ የላችሁም» ይሉናል። መረጃ የመጠየቅ መብት አለን?

መልስ፦ አላችሁ። የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 ከመንግሥት አካል መረጃ የማግኘትን መብት የሰጠው ለማንኛውም ሰው ነው፤ የጋዜጠኛ መታወቂያ አይጠይቅም። የመገናኛ ብዙኃኑ ክፍል በኋላ በሌላ አዋጅ ቢተካም መረጃ ስለማግኘት የሚለው ክፍል ጸንቷል። ጥያቄ የደረሰው የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ በ30 ቀን ውስጥ መልስ መስጠት አለበት።

የሚያሸንፈው አጠያየቃችሁ ነው። «ውሃ ለምን ይጠፋል?» የሚል ጥያቄ ንግግር ያመጣል። «ከመስከረም 1 እስከ ጥቅምት 30 በዚህ ሰፈር የተሰጠው የፈረቃ ሰሌዳ ቅጂ፤ በዚሁ ጊዜ የተመዘገበው የመስመር ስብራት ብዛትና የተጠገነበት ቀን» የሚለው ግን ሰነድ ያመጣል። በመሥሪያ ቤቱ የሚገኝ ሰነድ ጠይቁ እንጂ አስተያየት አትጠይቁ። ደብዳቤውን ሁለት ቅጂ አድርጋችሁ አንዱን ለመዝገብ ቤት ስጡ፤ በሁለተኛው ላይ የገቢ ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም አስመቱ። ይህ ወረቀት ከሌላችሁ 30ው ቀን መቼ እንደጀመረ ማንም አያውቅም። ከተከለከላችሁ ወይም ቀኑ ካለፈ አቤቱታው ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ፣ ከዚያ ለሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ነው። ዜናውን ከማውጣታችሁ በፊት ደግሞ ያገኛችሁትን ቁጥር ለመሥሪያ ቤቱ ልካችሁ ሁለት የሥራ ቀን ስጡ፤ መልስ ካልመጣ የጠየቃችሁበትን ቀን ጠቅሳችሁ «መልስ አልሰጠም» ብላችሁ ጻፉ። «ፈቃደኛ አልሆነም» ሌላ ነገር ነው፤ እምቢ ሳይል እምቢ አለ አትበሉ።

ጥያቄ፦ የቻናላችን ተከታዮች እየበዙ ነው። በሕግ ምን ያስጠይቀናል? ስህተት ከወጣስ?

መልስ፦ ሦስት ነገር እወቁ። የጥላቻ ንግግርንና ሐሰተኛ መረጃን የሚከለክለው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው የማኅበራዊ ሚዲያ ገጽ የተፈጸመ ጥፋትን ከፍ ባለ ቅጣት ይቀጣል፤ እስከ ሦስት ዓመት ቀላል እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር መቀጮ። ይኸው አዋጅ ግን የንግግሩን እውነትነት ለማረጋገጥ በሁኔታው ተገቢውን ጥረት ያደረገን ሰው ከሐሰተኛ መረጃው ክልከላ ነፃ ያደርጋል። ይህ አንቀጽ የሚጠቅማችሁ ጥረቱን ማሳየት ከቻላችሁ ብቻ ነው። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ዜና አንድ ገጽ ይኑራችሁ፦ ጥቆማው ከማን፣ መቼ መጣ፤ ማንን ጠየቃችሁ፣ በስንት ሰዓት፣ ምን አለ፤ የትኛውን ሰነድ አያችሁ፤ ማን አጸደቀ። የምንጩ ደኅንነት የሚያሰጋ ከሆነ በገጹ ላይ ምልክት ብቻ ጻፉ፤ ስሙ ከሌላ ቦታ፣ ከስልካችሁ ውጪ ይቀመጥ።

ሁለተኛው ምዝገባ ነው። በመደበኛነት እንደ መገናኛ ብዙኃን በበይነ መረብ መሥራት ስትፈልጉ የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238/2013 ምዝገባ ይጠይቃል፤ የሚመለከተው የኢትዮጵያ መገናኛ ብዙኃን ባለሥልጣን ነው። አዋጁ በ2017 ስለተሻሻለ የምታነቡት ከማሻሻያው ጋር መሆን አለበት፤ በድሮው ቅጂ የሚመክራችሁን አትስሙ። ሦስተኛው የሰው ክብር ነው። የተያዘ ሰው በፍርድ ቤት እስኪወሰንበት ተጠርጣሪ እንጂ ሌባ አይባልም፤ የሕፃን ፊት አይታይም፤ የአደጋ ሟች ቤተሰቡ ሳይረዳ ስሙ አይወጣም። ስም ማጥፋት በፍትሐ ብሔር ካሳ ሊያስከፍል ይችላል። በቀጥታ ሥርጭት ተጠንቀቁ የምንለውም ለዚህ ነው፤ በሰከንድ ያመለጠ ፊትና ስድብ አይመለስም።

ስህተት ከወጣ ጽሑፉን በዝምታ አታጥፉት፤ ያየው ሰው ሁለተኛ ጊዜ ማመን ይተዋል። እዚያው ዜና ላይ «ማስተካከያ» ብላችሁ ምን እንደተሳሳተና ትክክለኛው ምን እንደሆነ በቀንና በሰዓት ጻፉ፤ ደግሞም በአዲስ መልእክት አውጡት፣ የቆየውን ዜና ተመልሶ የሚያነብ ጥቂት ነውና። የሚጠፋው የሰውን ደኅንነት አደጋ ላይ የጣለ ጽሑፍ ብቻ ነው፤ ያን ጊዜም ለምን እንዳጠፋችሁ ተናገሩ።

ጥያቄ፦ በሰፈራችን አማርኛ ማንበብ የማይቀናቸው ትልልቅ ሰዎች አሉ። በሲዳምኛም ብንሠራ ጊዜው ይበቃናል?

መልስ፦ በድምፅ ሥሩት። ሲዳምኛ በላቲን ፊደል ስለሚጻፍ በጽሑፍ ብታወጡትም በዕድሜ የገፉት ብዙዎቹ አያነቡትም፤ ሲነገራቸው ግን ይሰማሉ፤ ለልጆቻቸውም ያሰማሉ። በሳምንት አንድ ጊዜ ሦስት ደቂቃ የማይሞላ የድምፅ ዜና ይበቃል። በሴኮንድ 32 ኪሎቢት የተቀረጸ ንግግር በደቂቃ 240 ኪሎባይት ነው፤ ሦስቱ ደቂቃ አንድ ሜጋባይት አይሞላም፣ ማንም በካርዱ ሊያወርደው ይችላል። የሚያነበው ሰው አማርኛውን እያየ በቃሉ አይተርጉም። በሲዳምኛ አስቀድሞ ይጻፈው፤ ሌላ ተናጋሪ ደግሞ ቁጥሮቹን፣ የሰፈር ስሞቹንና ቀኖቹን ከአማርኛው ጋር እያመሳከረ ጮክ ብሎ ያንብበው፤ ትርጉም ሲሳሳት በብዛት የሚሳሳተው በቁጥር ላይ ነው። ብርድ ልብስ በተሰቀለበት ትንሽ ክፍል ውስጥ ቅረጹ፤ ባዶ ግድግዳ ድምፁን ያስተጋባል። መጀመሪያ ቀኑ ይነገር፤ የድምፅ መልእክት ከወር በኋላም እየተላለፈ ይደመጣልና፣ ቀን ያልተነገረበት የውሃ ፈረቃ ሰው ባዶ ጀሪካን ይዞ እንዲቆም ያደርጋል።